ሰልፉን አስነሥተው ማቆም ስለ ተሳናቸው ስለ እሜቴ ሹክሹክታ ዘመቻ

የምረቃው ጋውን ለባለቤቱ ከተመለሰ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ «እንደውልልሻለን»፣ የሶፋው መንግሥት በጸናበትና የሥራ ማመልከቻ እንደ ቅጠል በረገፈበት ወራት፣ ቃለ ትሑት፣ ልሳነ ቀጭን፣ የደመናን ምሥጢር ዐዋቂ፣ የነፋስን አመጣጥ መርማሪ፣ ባለ ዲግሪዋ እሜቴ ሹክሹክታ፣ ወለተ እመ ነጐድጓድ፣ ወደ ጦር ሰፈር ዘምተው፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላደረገውን፣ ከዚያም በኋላ ማንም እንዳያደርገው በጥብቅ የታዘዘውን ሥራ ሠርተዋልና፣ የሰማነውን ሳንጨምር፣ ካስፈለገም ጥቂት ብቻ ጨምረን፣ ለሚመጣው ትውልድ እንጽፋለን።

ሹክሹክታ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ድምፃቸው እጅግ የቀጠነ ስለ ነበር፣ ዳቦ ቤት ገብተው ሁለት ዳቦ ብለው ሲጠይቁ ሻጩ ሰውነታቸው የደከመ መስሎት ወንበር ያቀርብላቸው ነበር። ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ሲሉ ማንም ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቀው መውረድን ልማድ አድርገው፣ ከዚያ ወደ ኋላ በእግራቸው ይመለሱ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ባቀረቡ ጊዜ መምህራኑ ለመስማት ወደ ፊት ተጠጉ፣ ደግሞ ተጠጉ፣ አሁንም ተጠጉ፣ በመጨረሻም ግንባር ለግንባር ተጋጭተው፣ ሕመሙ ሳይበርድላቸው እጅግ በጣም ጥሩ ብለው ፈረሙላቸው።

እናታቸው እመ ነጐድጓድ ግን ሌላ ፍጥረት ነበሩ። በአውቶቡስ መናኸሪያ የመረጃ ሠራተኛ ሆነው ሲያገለግሉ፣ የመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ እስኪጠገን በአፍዎ ይጥሩ ቢባሉ አንድ ጊዜ ተጣርተው፣ ተኝቶ የነበረው መንገደኛ ሁሉ ነቅቶ፣ ተራው ያልደረሰ አውቶቡስ ሳይቀር ተነሥቶ ስለ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ማጉያውን የሚጠግን ሰው የፈለገ የለም። እኚህ እናት ልጃቸውን ከመውደዳቸው የተነሣ በልጃቸው ፈንታ የሚናገሩ እሳቸው ነበሩ። ሐኪም ቤት ልጃቸውን የቱ ጋ እንደሚያማቸው የሚነግሩ እሳቸው፣ ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ከአጥር ውጭ ሆነው አቤት የሚሉ እሳቸው፣ ጫማ ሲለካ ጠበበኝ የሚሉ እሳቸው ነበሩ። እሜቴ ሹክሹክታም አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሁልጊዜ ነገሩ ተነግሮ አልቆ ስለሚያገኙት፣ ዝም አይነቅዝም ብለው መቀመጥ ለመዱ።

ወእምዝ፣ ይኸውም ከዚህ በኋላ፣ በከተማው አደባባይ አንድ የመከላከያ መኪና ማጉያውን በጣሪያው ጭኖ እየዞረ እንዲህ ሲል ዐወጀ፦ «አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ተመርቀህ ቤት የተቀመጥክ፣ ተመርቀሽ ቤት የተቀመጥሽ፣ ስሙ! መከላከያ ማለት ጠመንጃ ብቻ የመሰለው ካለ ተሳስቷል! ሒሳብ ለተማረ ሒሳብ ክፍል አለን፣ ለመሐንዲስ ድልድይ ሥራ አለን፣ ለነርስ ሆስፒታል አለን፣ ሕግ ለተማረ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አለን፣ ሙዚቃ ለተማረ ማርሽ ባንድ አለን፣ የአየር ጠባይ ለተማረ አብራሪ ተሰልፎ የሚጠብቀው ትንበያ ክፍል አለን! ሠልጥናችሁ መኮንን ትሆናላችሁ! ግን መኮንን የሚሆን ሰው ሰልፍ ይመራል! ሰልፍ መምራት የማይችል ቤቱ ይቀመጥ!»

እሜቴ ሹክሹክታ ይህን በሰሙ ጊዜ ልባቸው ዘለለ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሰማይን አንጋጠው ሲያዩ አድገው፣ የትኛው ደመና ዝናብ እንዳዘለ፣ የትኛው ደግሞ ዝም ብሎ እንደሚንጎራደድ ለይተው ያውቁ ነበርና፣ አብራሪው ሞተሩን አስነሥቶ ሰማዩ ይፈቅድልኝ እንደ ሆነ ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሚሰጡት እሳቸው ቢሆኑ ከዚህ ዓለም ሌላ ምንም አይሹም ነበር። ይህ ባይሆን ግን ዕጣቸው ተቆርጦ አልቋል፤ አክስታቸው መጋረጃ ቤት ስላላቸው፣ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያ ገብተው፣ ጨርቅ እየለኩና ጠርዝ እየቀመቀሙ፣ ደንበኛ ሲመጣም እናታቸው ከመናኸሪያ እየተመላለሱ እየመለሱላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሊኖሩ በቤተ ዘመድ ጉባኤ ተወስኗል። መጋረጃ ክፉ ነገር አይደለም፤ ችግሩ ሰማይን መሸፈኑ ነው።

በፈተናው ማለዳ እመ ነጐድጓድ ከማንም ቀድመው ተነሥተው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «አንቺ ልጅ፣ ተነሺ! ፊትሽን ታጠቢ! ጫማሽን ወልውዬዋለሁ! አንድ ነገር ሳትቀምሽ ከዚህ ቤት አትወጪም! እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ምን እንደምትፈልጊ እነግርልሻለሁ!» ይህም አዋጅ ለአንዲት ልጅ የታወጀ ሲሆን፣ የጎረቤቱ ልጆች ሁሉ ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ።

ያን ጊዜ እሜቴ ሹክሹክታ ጫማቸውን እያሰሩ ቀና ብለው፣ በሕይወታቸው የመጀመሪያ የሆነችውን፣ ከአዋጆች ሁሉ ያነሰችውን አዋጅ ዐወጁ፦ «እማዬ፣ በሞቴ፣ ዛሬ የኔን አንቺ እንዳትናገሪልኝ።» እናታቸው ይህን ለመስማት ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ከሰሙም በኋላ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ዐይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ሊመልሱ አፋቸውን ከፍተው፣ ነገሩ ትዝ ሲላቸው ዘጉት። ራሳቸውን በመነቅነቅም ብቻ ማሉ።

የጦር ሰፈሩ በር ላይ ቤተሰብ ከአጥር ውጭ ይቁም የሚል ደንብ ስለ ነበረ፣ እናት ከሽቦው ወዲያ፣ ልጅ ከሽቦው ወዲህ ሆነው ተለያዩ። ከአጥሩ ውስጥ ሰፊ መስክ አለ፤ በመስኩ ዙሪያ የየክፍሉ አለቆች ድንኳን ተክለው፣ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ምሩቃንን ለመማረክ ተፋጠው ተቀምጠዋል። በመስኩ ራስጌ ደግሞ የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔሏ፣ ቆፍጣናዋ፣ ፈገግታቸው እንደ ደመወዝ ቀን በወር አንዴ የሚታየው፣ በዳስ ጥላ ሥር ተሰይመው ነበር።

ፈታኙ ሃምሳ አለቃ፣ ጢማቸው የተከረከመ፣ ደረታቸው በር የሚያህል፣ ኖራ በተሰመረበት ሜዳ ላይ ቆመው ሕጉን ዐወጁ፦ «ስሙ! ተፈታኝ ሰልፉን ከኖራው መስመር ያስነሣል፣ መስኩ ሳያልቅ ያቆማል! ትእዛዙ እዚያ ማዶ፣ መስኩ ጫፍ ድረስ ይሰማ! ሰልፍ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ፣ ተፈታኙ ቁም ካላላችሁ መቆም የለም! ግድግዳ ቢመጣ መቆም የለም! ቀድሞ የቆመ የራሱን ፈተና ወደቀ! እኔም ብሆን፣ ኮሎኔሏም ቢሆኑ፣ በተፈታኝ ሰልፍ አፋችንን አናስገባም! አለቀ!» ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ሃምሳ አለቃው ይህን ቃላቸውን መልሰው ሊውጡት የተመኙበት ሰዓት ሩቅ አልነበረም።

በእሜቴ ሹክሹክታ ሥር የተሰለፉትም ምሩቃን እነዚህ ናቸው። በፊት አውራሪነት፣ በየበሩ ጉበን ግንባሩን ሲመታ ያደገው ረጅሙ መሐንዲስ ቆመ። ከእርሱ ቀጥላ ገንዘብ ሲጠፋ የሚያማት፣ የሰው ደረሰኝ ካየች ሳትደምር የማታልፍ የሒሳብ ምሩቋ። ከእርሷ ቀጥሎ፣ ግራ እግር ይቅደም ሲባል በማን በኩል ያለው ግራ ብሎ የሞገተው ሕግ ዐዋቂው። ከዚያ ኪሷ በፕላስተርና በፋሻ የተጠቀጠቀው ነርሷ። ከዚያ መለከቱን ከጀርባው ሳያወርድ የተሰለፈው ሙዚቀኛው። በጅራቱ ደግሞ ፈላስፋው፤ ይህ ሰው በአዋጁ የእርሱ ትምህርት ስም ሳይጠራ ቀርቶ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ብሎ የመጣ ነበር። ሌሎችም ብዙዎች ነበሩ፤ ሁሉም የተጫሙት የምረቃ ዕለት የተገዛውን፣ ተረከዙ እንደ መዶሻ የሚመታውን ጫማ ነበር።

ተራቸው ደርሶ እሜቴ ሹክሹክታ ወጡ። ሜዳው ጸጥ ብሎ፣ ነፋሱም እንደ ሥራ ባልደረባ አዝኖላቸው ስለ ቆመ፣ «ተጠንቀቅ!» ያሏት ቃል እንደ ምንም ከፊት ረድፍ ደረሰች፣ የፊቱን አይቶም የኋላው ተጠነቀቀ። ቀጥለው «ወደ ፊት ሂድ!» አሉ። ረጅሙ መሐንዲስም ቃሉን ከከንፈራቸው አንብቦ እግሩን አነሣ፣ ሁሉም ተከተለው፣ ዘመቻው ተጀመረ።

ጥፋቱም ወዲያው ተጀመረ። ያ ሁሉ ተረከዝ በደረቅ መሬት ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲል፣ ጸጥታ ተገፍታ ከሜዳው ወጣች። እሜቴ ሹክሹክታ በሜዳው እኩሌታ «ቁም» አሉ፤ ማንም አልሰማ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ገና «ቁም» አሉ፤ የጠረጉት ጉሮሮ ከትእዛዙ ይልቅ ተሰማ። ቢቸግራቸው ታክሲ እንደሚያስቆም ሰው እጃቸውን ዘረጉ፤ ረጅሙ መሐንዲስም ሰላምታ መስሎት፣ እጁን ወደ ግንባሩ ሰድዶ አጸፋውን በክብር መለሰና መስኩን ጨርሶ አለፈ።

ሃምሳ አለቃው ሁለት እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጭነው ከሰልፉ ጎን ይሮጡ ጀመር፤ በገዛ ሕጋቸው ታስረዋልና። ኮሎኔሏም ከዳሳቸው ተነሥተው አጥብቀው ተመለከቱ። ምሩቃኑ ደግሞ ስንት ወር ሥራ ፈልገው ያገኙትን አንድ ዕድል በመቆም ሊያበላሹ አልወደዱምና፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው ወደ ፊት ገሰገሱ።

ወእምዝ ሠራዊቱ በሒሳብ ክፍል ድንኳን መካከል ዐለፈ። ጠረጴዛ ተገለበጠ፣ ደረሰኝ በአየር ላይ ተበተነ፣ የሒሳብ ምሩቋም እርምጃዋን ሳታዛንፍ ከሚበርሩት ወረቀቶች አንዱን ይዛ፣ በዐይኗ ደምራ፣ ስሕተቱን በጣቷ ጠቁማ ወረወረችው። የክፍሉ ሻለቃ ከወንበራቸው ዘልለው ተነሥተው ዐወጁ፦ «ይቺን ልጅ ማንም እንዳይነካብኝ! የኔ ናት!» ይህንም ብለው ድንኳናቸውን ረስተው ሰልፉን ተከተሉ።

ከዚያ በስንቅ ክፍል ኩሽና ገብተው ወጡ፤ ወጥ ቤቶቹ ጭልፋቸውን እንደ ያዙ ወደ ግድግዳ ተለጠፉ። ከዚያ ጋራዥ ደረሱ፤ የዘይት መቀየሪያው ጉድጓድ ተከፍቶ ስለ ነበር ረጅሙ መሐንዲስ በአንድ ዐይኑ ስፋቱን ለክቶ፣ በእግሩ ሳንቃ ገፍቶ አጋድሞ፣ አንድ ሰው ሳይጎድል ሠራዊቱን አሻገረ። የድልድይ ሥራው ሻምበልም ይህን አይተው፦ «ኧረ ይሄ ረጅም የኔ ነው! በሕግ አምላክ የኔ ነው!» እያሉ ተከተሉ። በክሊኒኩ ደጅ ሲያልፉ አዲስ ጫማ ተረከዙን የላጠው ሁሉ ያነክስ ስለ ነበር፣ ነርሷ ወደ ኋላ ወደ ፊት እየተመላለሰች፣ ማንም እግሩን ሳያቋርጥ፣ በተነሣ እግር ሁሉ ላይ ፕላስተር ለጠፈች። የሆስፒታሉ ዋና ሐኪምም ጋውናቸውን እያውለበለቡ ከተከታዮች ተደመሩ።

የሥነ ምግባርና የሞራል ክፍል ኃላፊው፣ ድንኳናቸው በጥግ የተተከለ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው ያልጎበኛቸው ሽማግሌ መኮንን ነበሩ። ፈላስፋው ሲያልፍ ከራሱ ጋር ሰው ለምን ይታዘዛል፣ ያልተሰማ ትእዛዝስ ትእዛዝ ነው ወይ እያለ ሲሟገት ሰምተው፣ እንባ እየተናነቃቸው ዐወጁ፦ «ጎበዝ! ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ! ና ወደኔ!» ፈላስፋውም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ተጠርቶ፣ መቆም ስለማይችል በእጁ መሐላ ሰጥቶ ዐለፈ።

እሜቴ ሹክሹክታ ግን ከሠራዊታቸው ጎን እየሮጡ ቁም፣ ቁም፣ ቁም ይሉ ነበር። ከዳር ላየ ሰው ለራሳቸው የሚጸልዩ ይመስላሉ። ያ ያስፈለጋቸው ሰማይ ከራሳቸው በላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ በዐይነ ሕሊናቸው የሚታያቸው መጋረጃ ብቻ ነበር፤ ወርድ ያለው፣ ዘለበት ያለው፣ እስከ መሬት የሚደርስ መጋረጃ። ልባቸው ተሰበረ፤ እንባቸውም ወረደ፤ እግራቸው ግን አልቆመም።

ነገሩን ሁሉ ያባሰው የማርሽ ባንዱ መሪ ነው። ይህ ሰው ያለ ሙዚቃ የሚሄድ ሰልፍ አይቶ ዝም ማለት የማይችል ፍጥረት ስለ ነበር፣ ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ከበሮውን አስነሣ፣ ነሐሱን ሁሉ አስነፋ፣ ከሰልፉ ፊት ገብቶ ዱላውን እያሽከረከረ መንገድ ጀመረ። ምሩቁ ሙዚቀኛም መለከቱን ከጀርባው አውጥቶ በደስታ አብሮ ነፋ። ከዚህ በኋላ ሹክሹክታ ቀርቶ ጩኸትም አይሰማም ነበር። የበሩ ዘበኛ ደግሞ ባንድ የሚመራው፣ ሻለቃ የሚከተለው፣ ሐኪም የሚያጅበው ሰልፍ ሲመጣ አይቶ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ትእዛዝ አይሆንም ብሎ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ መሣሪያውን አቅርቦ ሰላምታ ሰጠ።

እንዲህም ሆኖ ሠራዊቱ ወደ ከተማው ጎዳና ወጣ። መኪኖች ቆሙ፣ ሱቆች በራቸውን ከፈቱ፣ ሕዝቡ ምን በዓል ነው እየተባባለ አጨበጨበ። ከፊት ለፊት ግን፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ሠራተኞች ከንጋት ጀምሮ ሲሚንቶ አፍስሰው፣ አልሰው፣ እንደ መስታወት አስተካክለው፣ ያልደረቀውን መንገድ በገመድ አጥረውት ነበር። የግንበኞቹ አለቃ ባንዱ ወደ ጎን ሲታጠፍና ምሩቃኑ ግን ቀጥ ብለው ሲመጡ አይቶ፣ የልስን ማንኪያውን ጥሎ፣ እጆቹን ዘርግቶ ዐወጀ፦ «ኧረ በሕግ አምላክ! ኧረ አልደረቀም! ኧረ ከንጋት ጀምሮ የለፋሁበት ነው!» ሕግ ዐዋቂው በሕግ አምላክ ሲባል እግሩ ሊከዳው ደርሶ፣ የግንበኛው ሕግና የሃምሳ አለቃው ሕግ የትኛው ይበልጣል እያለ እየተጨነቀ፣ መልሱን ሳያገኝ መራመዱን ቀጠለ።

እመ ነጐድጓድ በዚያን ሰዓት በአጥሩ ጥግ፣ ከሲሚንቶው ማዶ ቆመው ነበር። ልጃቸው እያለቀሱ ከሰልፍ ጎን ሲሮጡ አዩ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አዩ፣ ነገሩም ሳይነገራቸው ገባቸው። ምን እንደሚበቃ ያውቁ ነበር፤ ከእሳቸው አፍ አንዲት «ቁም» ብትወጣ፣ ሰልፉ ብቻ ሳይሆን ከተማው ሁሉ እንደሚቆም ያውቁ ነበር። ደረታቸውን ሞሉ፣ አፋቸውን ከፈቱ። እሜቴ ሹክሹክታም ቀና ቢሉ እናታቸውን አዩ፤ በሐኪም ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በጫማ ቤቱ እንደሚያዩዋቸው፣ አድኚኝ በሚል ዐይን አዩዋቸው።

እመ ነጐድጓድም የሻርፓቸውን ጫፍ ጠቅልለው፣ ከፍተውት የነበረውን አፋቸውን ሞሉበት፣ ነከሱትም። እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ሻርፑን ሲያርሰው፣ ልጃቸውን እያዩ፣ አንቺ፣ አንቺ እንደ ማለት ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ያን ጊዜ ሆነ። በልጅነታቸው ያላሉት አቤት ሁሉ፣ ያላሉት ጠበበኝ ሁሉ፣ ከታክሲ ያላስወረዳቸው ወራጅ አለ ሁሉ ከያለበት ተጠራርቶ፣ ከእግራቸው ጥፍር ተነሥቶ፣ በሆዳቸው ዐልፎ፣ ጉሮሯቸውን በርግዶ ወጣና፦ «ቁም!»

ቆመ። ሠራዊቱ ቆመ፤ ረጅሙ መሐንዲስ አንድ እግሩን በሲሚንቶው ላይ አንጠልጥሎ፣ በአንድ እግሩ እየተወዛወዘ ቆመ። ባንዱ በግማሽ ኖታ ላይ ቆመ፣ የመሪው ዱላ ግን ወደ ላይ ተወርውሮ ስለ ነበረ ብቻውን ወደቀ። አውቶቡሱ ቆመ፣ የግንበኞቹ አለቃ እጁን እንደ ዘረጋ ቆመ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ መቀሱ አየር ላይ ቆመ፣ ሲያለቅስ የነበረ ሕፃን አፉን እንደ ከፈተ ዝም አለ። በመንገዱ ማዶ ይጣሉ የነበሩ ባልና ሚስትም ነገራቸውን አቁመው፣ በኋላ ሊቀጥሉት ሲፈልጉ ምን እንደ ነበረ አጡት።

እሜቴ ሹክሹክታ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ይህን ያደረጉት እሳቸው መሆናቸውን ለማመን ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ካመኑ በኋላ ግን ሳቅ እንደ ውሃ ከውስጣቸው ፈልቆ፣ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ ድምፃቸው አሁንም በቦታው እንዳለ ለማረጋገጥ ያህል እንደ ገና ዐወጁ፦ «ቀኝ ኋላ ዙር!» ሠራዊቱ ዞረ፤ አውቶቡሱም ሊዞር ሞክሮ ነበር። «ወደ ፊት ሂድ!» ባሉ ጊዜ ባንዱ ከፊት፣ ሻለቃውና ሻምበሉ ከመካከል፣ ሐኪሙና ሽማግሌው መኮንን ከኋላ፣ ከእነርሱም በኋላ ሥራ ያልነበረው የመንገዱ ሰው ሁሉ ተከትሎ፣ ወደ ጦር ሰፈሩ በታላቅ ግርማ ተመለሱ። ከኖራው መስመር ላይም በዚያችው አንዲት ቃል፣ አንድ ጫማ ሳይዛነፍ፣ አቆሟቸው።

ኮሎኔሏ ከዳሳቸው ወጥተው፣ በእጃቸው ሙሉ ብርጭቆ ውሃ እንደ ያዙ፣ ፍርዱን ዐወጁ፦ «ስሙ! ይቺ ልጅ መስኩን ለቃ ሄዳለች፤ ጥፋት ነው። ድንኳን ገልብጣለች፤ ጥፋት ነው። ባንዱን ያለ ፈቃድ ከሰፈር አስወጥታለች፤ ይሄ የባንዱ ጥፋት ነው፣ ከባንዱ ጋር በኋላ እንነጋገራለን! ሕጉ ግን ትእዛዙ መስኩ ጫፍ ድረስ ይሰማ ነው የሚለው። ቁም ብላ ከአጥር ውጭ ስትጮኽ፣ እኔ እዚህ ውሃ ልጠጣ ብርጭቆ አንሥቼ ነበር። እስካሁን አልጠጣሁም! አልፋለች! አሁን አሳርፍ በይኝና ልጠጣ!»

«አሳርፍ!» ተባለ፤ ኮሎኔሏም ጠጡ። የየክፍሉ አለቆች ግን በአንድ ጊዜ ጫጫታ አነሡ። የባንዱ መሪ ይህ ድምፅ የነሐስ ነውና ለባንዱ ይገባል አለ፣ ሃምሳ አለቃው ለሥልጠና ሜዳ ይገባል አሉ፣ የጋራዡ ሰዎች ጥሩምባ ለሌለው መኪና ይገባል አሉ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ባለቤቲቱ ዞሩ። በሕዝቡ መካከል ተደባልቀው የገቡት እመ ነጐድጓድ መልሱን ከማንም በላይ ያውቁ ነበርና፣ ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው ነከሱ።

እሜቴ ሹክሹክታም፦ «አየር ትንበያ!» ብለው ዐወጁ፤ ወዲያውም ሰማዩን አንጋጠው አይተው፦ «ደግሞ ልብስ ያሰጣችሁ ቶሎ አስገቡ፣ ሊዘንብ ነው!» ሲሉ ጨመሩ። ፀሐይ ወጥታ ስለ ነበር የሒሳብ ክፍሉ ሻለቃ ሳቁ። ወጥ ቤቶቹ ግን ያንን ድምፅ ሰምቶ መቀመጥ አልሆነላቸውምና፣ የታጠበውን ሽርጥ ሁሉ ጠቅልለው አስገቡ፤ ሻለቃው ከምሳ በፊት የተበተነ ደረሰኛቸውን በዝናብ ውስጥ ለቀሙ።

እናትና ልጅ ወደ ቤታቸው በአውቶቡስ ሲመለሱ፣ እመ ነጐድጓድ መሐላቸውን ጠብቀው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ የልጃቸውን እጅ ብቻ ይዘው ነበር። ማቆሚያቸው ሲደርስ እሜቴ ሹክሹክታ «ወራጅ አለ!» ቢሉ ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬኑን ረገጠ። ከአውቶቡሱ ወርደው እግራቸው የሰፈራቸውን አፈር በረገጠ ጊዜ ግን፣ እናቲቱ ከዚህ በላይ ሊችሉት አልተቻላቸውም፤ ሻርፑን ጣሉና በሙሉ ሳንባቸው ዐወጁ፦ «ልጄ ጮኸች! የሰፈር ሰው፣ ኑ ስሙልኝ! ልጄ ጮኸች!» ጎረቤቱም አደጋ የደረሰ መስሎት ባልዲ የያዘ በባልዲ፣ ዱላ የያዘ በዱላ፣ ሳሙና ፊቱ ላይ ያለም በሳሙናው ሮጦ ወጣ። ነገሩን ሲረዱ ባልዲውን እንደ ከበሮ መቱላቸው፤ አክስቲቱም ሜትራቸው በአንገታቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ መጥተው፣ የእህታቸውን ልጅ አቅፈው አለቀሱ።

እንግዲህ ክብርና ምስጋና ይሁን ለመዋዒተ ጫጫታ፣ ለአቃሚተ ሰልፍ፣ ለአዳኚተ ሲሚንቶ፣ ደመና ለሚታዘዛቸው፣ አብራሪ ያለ ፈቃዳቸው ለማይነሣላቸው፣ ለክብርት መኮንን እሜቴ ሹክሹክታ! በያደባባዩ ይወሱ፣ በየሰልፉ ይጠሩ፣ ድምፃቸው በየሜዳው ያስተጋባ! ስለ እናታቸው ግን የሚበቃ ቃል አላገኘንም። ሺህ አውቶቡስ ጠርተው ያስነሡ እኚያ ጀግና፣ አፋቸውን ከፍተው መልሰው የዘጉባት ያቺ ቅጽበት ከዘመቻው ሁሉ የከበደች ነበረች፤ ያንንም ድል ያዩላቸው ልጃቸው ብቻ ናቸው።